በጠመኔ የተለካን

ሊቆራረጥ በኪሎ፣ ሚዛን ላይ ሊወጣ፣
እብሬ ደርሶለት፣ ጎትቶት መጣ፤
ሲሚንቶ ሲያመላልስ ወገቡ የጎበጠ፣
አንድ ጎማው የሞተ፣ ጣውላው የተፈለጠ
አሮጌ ተሳቢ።
"ምንድን ነው ይኼ?" አልኩት።
"ቤት ነው" አለኝ እንደ ዋዛ፣
ልክ ከገበያ እንቁላል እንደገዛ።

በነጋታው ጠመኔ ይዞ፣ ግቢው ሲሚንቶ ላይ
"ተኙ" አለን በተራ፣ ፊታችን ወደ ሰማይ።
ረምላ ከነደብተሯ፣ ሙስባህ እግሩን አንፈራጦ፣
እኔም ሳቄን ውጬ ተኛሁ፣ ጎረቤት ባጥር አፍጦ።
ዙሪያችንን አሰመረ፤ "ተነሱ" አለን፤ ተነሳን፤
መስመሩ ግን አልተነሳም፣ ተኝቶ ቀረ፣ እኛን ረሳን።
"ሦስት ተኩል ክንድ በአምስት" አለ፣ ሜትሩን እየጠቀለለ፣
"ለአራት ሰው ይበቃል፣ ማታ የሚራገጥ ከሌለ።"

መብራት ሲሄድ በመጋዝ፣ ሲመጣ በብየዳ፣
ሦስት ወር ሙሉ ግቢያችን የብረት ሜዳ።
ሸሚዙን ፍንጣሪ በልቶት ወንፊት ሆነ፤
እኔም ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ፣ ዓይኔ እየተከደነ፣
ከፋብሪካ ብጣሽ ሰፋሁ መጋረጃ፣
ቁመቱ ወዲያና ወዲህ ሆነ።
ግድግዳው ኮምፔንሳቶ፣ ጣሪያው የጎበጠ ቆርቆሮ፣
ጥቂቱ ተገዝቶ፣ ጥቂቱ ከዘመድ ተበድሮ፣
መስኮቱ ያይሱዙ ነበር፣ እንደ ቁስል በፕላስተር ታስሮ።
ጠረጴዛው የተማሪ ዴስክ፣ በምላጭ ተጽፎበት "ጀማል"፤
እብሬ ሊልገው ሲል፣ ረምላ "ተው! ይመለሳል።"

"ኪዮስክ ነው" አለ ሰፈሩ፤ "የለም፣ የዶሮ ቤት ነው"፤
ጋሽ አራጋው መነጽራቸውን ጠርገው፣ "ሙያውስ ግሩም ነው፤
ግን መኪና የለህ፣ እብሬ፤ ምን ሊጎትተው ነው?"
"ሙሄ አለ" አለ እብሬ፣ ብየዳውን ሳያቆም።
ሙሄ ፒካፕ አለው፣
ዳገት ሲያይ የሚታመም።

አንድ ማታ ጠየቅሁት፣ "ለምን ግን?" ብዬ።
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ።
"ያን ጥቅምት ታስታውሻለሽ?"

አስታውሳለሁ።
ሙስባህ ጀርባዬ ላይ፣ ፍራሹ በእብሬ ራስ፣
ረምላ ድስት አቅፋ፣ ውስጡ ያለው ወጥ እንዳይፈስ፣
መንገዱ ሙሉ ሰው።
ቤቴን ቆልፌ ወጣሁ።
ስመለስ ቁልፉ እጄ ላይ ነበረ፤
በሩ የለም።

"ያኔ ጥለነው ወጣን፤ አሁን ይዘነው እንውጣ፤
ማንም ሳያሳድደን፣ ለፀሐይ፣ ለውኃ፣ ለጨዋታ።"
ይኼን ብሎ መነጽሩን መለሰ፤
ብልጭታው ግቢውን ሞላ፤ ፊቴን አዞርኩ።
ያዞርኩት ለብልጭታው ብቻ አልነበረም።

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ፣ ሙሄ ፒካፑን አሰረ፤
ሐሳባችን ወደ ሐይቅ ነበር፤ መንገዱ ሐረጎ ላይ አጠረ።
ራዲያተሩ ፈላ፤ ሙሄ ተሳደበ፤ ጭጋግ ወረደብን፤
ከመታጠፊያው ጥግ፣ ለጎማው ድንጋይ አስደግፈን፣
"በቃ ሐይቅ ይኼ ነው" አለ እብሬ፤ በሩን ከፍቶ አስገባን።

ከታች ኮምቦልቻ በራች፤ በመስኮታችን ስንጥቅ ሁለት ሆነች፣
አንዷ የወጣንባት፣ አንዷ የምትጠብቀን መሰለች።
ዝናቡ መጣ። ጣሪያው አንድ ቦታ አፈሰሰ፤
ረምላ ድስቷን ደቀነች፣
ያንኑ ድስት።
ጠብ።
ጠብ።
ሙሄ ጋቢና ውስጥ ያንኮራፋል።

ተኛን በተለካነው ልክ፣ ትከሻ ለትከሻ፤
አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል፣ ከጫፍ እስከ መጨረሻ።
ቁልፍ ፈለግሁ በእጄ፣ እንደለመድኩት፣ ከትራሴ ሥር፤
እብሬ ቁልፍ አልሠራለትም፤
በሽቦ ነው የሚታሰር።

ሌሊቱን ሙሉ
ሙስባህ ተራገጠ።